ኦፖሰም ያየ እጁን ያውጣ

ንጋት፣ ሆሳዕና መናኸሪያ

ከአልጋዬ የተነሳሁት ተናድጄ ነው። ረዳቱ "ሆመቾ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው አራት ነን። በስድስት ብሩ ታሪፍ ፈንታ አስር ጠየቀኝ። "መንገዱን አላየኸውም?" ይለኛል ደግሞ! ታናሽ እህቴ አስቴር ዛሬ ስለምትገመገም ከፈልኩ።

ረፋድ፣ ኮረኮንቹ ላይ

ግራ ቀኙ እንሰት፣ ፊታችን አቧራ። ጥፋቷን ልንገራችሁ። አስቴር የባዮሎጂ መምህርት ናት። የክፍሉ ፕላዝማ በእንግሊዝኛ "ጢንዚዛንና ኦፖሰምን አወዳድሩ" አለ። ኦፖሰም አሜሪካ ዛፍ ላይ የምትኖር፣ ድመት የምታክል አጥቢ እንስሳ ናት አሉ። ሥዕሏ ብቅ ሳይል መብራት ሄደ። አስቴር ከእበት ላይ ጢንዚዛ ይዛ በብርጭቆ አሳየቻቸው፤ በኦፖሰም ፈንታ ፍልፈልን ተካች። ስድስት እግር ያለውና አራት እግር ያለው፣ እንቁላል ጥሎ የሚሄድና ልጁን የሚያጠባ። ልጆቹ ገባቸው። ፈተናው ላይ ሁሉም "ፍልፈል" ብለው ጻፉ፤ ሁሉም ዜሮ ታቀፉ። ታዲያ አሜሪካ ሄዳ ታምጣላቸው?

ሾፌሩ ወሬዬን ሰምቶ ሳቀ። "ፍልፈልማ የእኔንም እንሰት ጨርሶታል። ያችኛዋስ ምን ትበላለች?"

"የሰው እንጀራ" አልኩት።

ከሰዓት፣ ሆመቾ

ግምገማው ለወላጅም ክፍት ነው ስለተባለ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ኋላ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ለስለስ ባለ ድምፅ "መምህርት አስቴር ከፕሮግራም ውጪ አስተምረዋል። ሂሳቸውን ካልዋጡ ዝውውር ነው፤ ወደ ቆላ" አለ።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ "እዚህ ቤት ኦፖሰም ያየ እጁን ያውጣ!" አልኩ።

አንድም እጅ አልወጣም። ሰብሳቢው ራሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

"አስተያየትዎን ይዘነዋል" አለና ቀጠለ፤ "መምህርቷ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው የምትሉ?"

አሁን ቤቱ በእጅ ተሞላ። ከፊት ወንበር የአስቴርም እጅ ወጣ።

አመሻሽ፣ መልስ

ልጇን አዝላ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ።

"በገዛ ራስሽ ላይ? እንዴት አስቻለሽ?" ብዬ ጮህኩባት።

"ጋሼ፣ ይሄን ጡት ያልጣለ ልጅ ይዤ ቆላ ልውረድ?"

ንዴቴ ግን አልበረደም። "ሰኞስ ምን ልታስተምሪ ነው?"

"ኦፖሰም።"

"ምን ትመስላለች ብለው ቢጠይቁሽስ?"

ልጁን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዙራ ጡቷን ሰጠችው።

"በቃላችሁ ያዙ እላቸዋለሁ።"