ዐሥራ ሁለተኛው ወንበር

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ጽሑፍን ይፈራል መሰለኝ፤ በመርካቶው ፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ቤት ስሠራ አንድ ነጥብ ከተሳሳተ ገጹን እንዳለ እንደገና እገለብጥ ነበር። የጣቢያውን ንብረት ዝርዝር የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ «ወንበር፣ ባለመደገፊያ፣ ዐሥራ ሁለት» ብዬ።

አዛዡ ተዛውረው አዲስ ሻምበል የመጡ ጊዜ ርክክቡ እዚህች መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወንበሩ ሲቆጠር ዐሥራ አንድ ሆነ።

«ዐሥራ ሁለተኛውስ?» አሉ አዲሱ ሻምበል።

ምክትሉ ሃምሳ አለቃ አንገታቸውን አከክ አደረጉ። «ለለቅሶ ቤት አውሰነው ነው ጌታዬ። እዚሁ ከጀርባችን።»

«የውሰት ወረቀት አለ?»

«ለለቅሶ? ወረቀት?»

«እንግዲያው ይመለስ።»

«አርባው ሳይወጣ? ሐዘንተኛውን ተነስ ልበለው?»

ሻምበሉ ዝርዝሩ ካልሞላ አልፈርምም ብለው ወጡ። ማኅተሙም በሣጥኑ ታሽጎ ቀረ።

እስር ክፍሉ ውስጥ አንዲት የአትክልት ተራ ሽንኩርት ሻጭ ነበረች። በቦታ ተጣልታ ሌላዋን ሻጭ በሚዛን ድንጋይ ፈንክታለች። ቁስሉ ቀላል ስለሆነ በዋስ ትውጣ ተብሏል፤ ዋሷም፣ ጎጃም በረንዳ መጋዘን ያላቸው ሽማግሌ፣ ቀርበዋል። የቀረው የአዛዥ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው። የአራት ወር ልጇን ጎረቤት ይዛላታለች። ውኃ ስትጠይቀኝ አየሁ፤ ወተቱ ቀሚሷን ደረቷ ላይ አርጥቦታል።

የድሮውን አዛዥ ብለምናቸው «እኔማ ተሰናብቻለሁ» አሉኝ። አዲሱ «ገና አልተረከብኩም» አሉ።

ሃምሳ አለቃው ደግሞ «ሁለት አዛዥ ባለበት ጣቢያ ምክትል ምን ቤት ነው የሚፈርመው? እህቴ፣ ጡረታዬ ደርሷል፤ ተዪኝ!» አሉ።

ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን መስኮቴ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው «ልጄ» አሉኝ፣ «ይቺ ሴት የሰረቀችው ወንበር ነው እንዴ?»

እኔ የምቀመጥበት ወንበር የራሴ ነበር፤ ወገቤን ስለሚያመኝ መሳለሚያ ያለ አናጢ በልኬ የሠራልኝ። ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የመንግሥት ወንበሮች ግን ከሥር በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። የራሴን ገለበጥኩትና ዐሥራ ሁለት ቁጥርን ጻፍኩበት። ቁጥሩ ተጣመመ፤ አላስተካከልኩትም።

ሃምሳ አለቃው ከበሩ ቆመው አዩኝ። ገብተው በጉልበታቸው ተንበረከኩና ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ እፍ፣ እፍ ይሉበት ጀመር።

ወንበሩ ሲቆጠር ዐሥራ ሁለት ሞላ፤ ርክክቡም የዋስትናው ወረቀትም ከምሳ በፊት ተፈረመ። ሴትየዋ ስትወጣ ዘበኛው «ሻምበሉን አመስግኚ እንጂ!» አላት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁላት። ከዚያ ሮጠች። ነጠላዋ ወድቆ ሽማግሌው አንስተው ከኋላ ተከተሏት።

ሻምበሉ ወንበሮቹን ዞር ዞር ብለው አዩና የእኔን መረጡ። «ይቺ ደህና ናት፤ ቢሮዬ ትግባ። ለእንግዳ ትሆናለች።»

ከሰዓት በኋላ ፋይል ፈልገው መዝገብ ቤት ሲመጡ ቆሜ ስጽፍ አገኙኝ።

«ምነው፣ ቆመሽ ነው የምትጽፊው?»

«ይሻለኛል ጌታዬ» አልኳቸው። ወገቤን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፌ ፋይላቸውን ፈለግሁ።