በክራር ቅኝት የተቃኘው ጊታር

አስናቀው ሶማሌ ተራ በረንዳ ላይ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ኮት የሚገለብጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ነበር ማለት ይሻላል፤ ከምናለሽ ተራ ያንን ጊታር ታቅፎ ከመጣ ወዲህ የስፌት መኪናውን ፔዳል የምትረግጠው ሚስቱ ያለምወርቅ ናት። እሱ በርጩማው ላይ ይቀመጥና ከፈረንጅ መጽሐፍ ተቀድዳ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር በመርፌ በተሰካች ገጽ ላይ ያፈጣል። ገጿ ጣት የት የት እንደሚያርፍ በነጥብ ታሳያለች። ጣቶቹን እንደ ሕፃን እያባበለ ያስቀምጣቸዋል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ ክሮቹን በአንድ ላይ ይመታል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድመቶች የተጣሉ ይመስላል።

«ይኼ ኮርድ ይባላል» ይላታል።

«ስሙ ምን ያደርግልኛል፤ ገበያተኛ አባረረብኝ እንጂ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አስናቀው ጎጃም ሳለ የአባቱን ክራር እየነካካ ነው ያደገው። ጊታሩን ሲገዛው ክሮቹ ረግበው ነበር። ቢያያቸው ስድስት ናቸው፤ የክራሩም ስድስት ነበሩ። ታዲያ ሰው መጠየቅ ለምኑ? በትዝታ ቅኝት ወጥሮ ቃኛቸው። ከዚያ ፈረንጁ ለራሱ ቅኝት የሣለውን ነጥብ እየተከተለ ጣቱን ይደፍቃል። ጣቱ ሳያርፍባቸው ሲመታቸው ያምራሉ፤ ሲያርፍባቸው ይጮኻሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። እሱ ግን ጣቶቼ ገና አልጠነከሩም ብሎ ኮምጣጤ ውስጥ ይዘፈዝፋቸው ጀመር። ቆስለው መርፌ መያዝ ሲያቅታቸው፣ «የሙዚቀኛ ጣት እንዲህ ነው» እያለ ለአላፊ አግዳሚው ያሳያል።

ያለምወርቅ ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው የመኪናውን ነገር ነው። መኪናው የተገዛው የእናቷ የወርቅ ሐብል ተሽጦ ነው። አስናቀው ደግሞ የሆቴል ባንድ ውስጥ በገባሁ ዕለት ውሰደው ብሎ ለጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ለሙህዲን ቃል ገብቶለታል።

«ሙዚቀኛ በስፌት መኪና ምን ይሠራል?» አላት።

«ሙዚቀኛ ሆድ የለውም?»

አንድ ቀን አንድ የባንድ አለቃ፣ ጎፈሬውን ያበጠረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው፣ የኮቱን እጅጌ ሊያሳጥር መጣ። አስናቀው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጊታሩን አነሣ።

«ጌታዬ፣ አንዴ ይስሙኝና ከወደዱት ባንድዎ ውስጥ ያስገቡኝ።»

ሙህዲን ይህን ሲሰማ ከሱቁ ብቅ ብሎ የመኪናውን መዘውር ነካ ነካ ያደርግ ጀመር።

«እጅህን ሰብስብ፤ ገና አልሞትንም» አለችው ያለምወርቅ።

«ዘይት ይፈልግ እንደሁ ብዬ ነው፣ እትዬ ያለም።»

አስናቀው መታ። ሰውየው ፊቱን አጨማደደ፤ ጊታሩን ተቀብሎ ክሮቹን አንድ በአንድ ሞከራቸው።

«ማነው የቃኘልህ?»

«እኔው ራሴ።»

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ክራር ነው!»

እየሳቀ እንደ ደንቡ ቃኝቶ መለሰለት። አስናቀው ጣቶቹን አስቀምጦ መታ። ኮርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርድ ሆነ። ጣቃ የተሸከመ ኩሊ እንኳ ከነሸክሙ ዞር ብሎ አየ። ያለምወርቅ እጇን መኪናው ላይ ጫነች። አለቀልኝ፣ ያምራል አለች በሆዷ።

«ሌላስ?» አለ ሰውየው።

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ኮርድ።»

አስናቀው ቀና ብሎ ገጿን አየ። ይቺ ሳታምር ወደ ሌላዋ አልሄድም ብሎ ዓመቱን ሙሉ አንዷን ብቻ ነበር ይዞ የከረመው።

«እሷ ብቻ ናት» አለ።

«እንግዲያው ኮቴን ለቅዳሜ አድርስልኝ» ብሎ ሰውየው ሄደ።

ሙህዲን እጁን ኪሱ ከቶ ተመለሰ። ያለምወርቅ ባሏ ያለቅሳል ብላ ጠበቀች። እሱ እቴ! ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«አየሽ? ጣቴ ምንም ጥፋት የለበትም! ቅኝቱ ነው ጉድ የሠራኝ።»

«ማን ነበር የቃኘው?»

አልሰማትም። ኮርዷን ይመታ ነበር፤ ደግሞ ይመታ ነበር።

«እትዬ ያለም» አለ ሙህዲን ከግድግዳው ወዲያ፣ «በፊት እኮ ስንሰድበው ምክንያት ነበረን፤ አሁን ያምራል!»

ያለምወርቅ ኮቱን ሳብ አድርጋ እጅጌውን መተርተር ጀመረች። መኪናው እጇ ላይ ቀርቷል። ጊታሩም እንደዚሁ።