መጀመሪያ ጎማ

የአዲስ ጎማ ሽታ ያናድደኛል። ባለፈው ሳምንት ለሞተር ሳይክሌ የኋላ ጎማ ልገዛ ፍኖተ ሰላም አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ሻጩ መጠቅለያውን ሲገልጠው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የተናደድኩት ንዴት እንደ አዲስ ተነሣብኝ። በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ብዙ ተወርቶለት ሳይገዛ የቀረ ነገር ቢኖር ጎማ ነው።

አባባ የገጠር ከብት ሐኪም ነበር። አገሬው «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም ማረሙ ሰልችቶት ትቶታል። አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ፣ ባለ አራት እግር ሞተር ገዝቶ መጣ። ለእሽቅድምድም የተሠራች፣ ቀይ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ነበረች። ማን ለምን ጎጃም ድረስ እንዳመጣት እስከ ዛሬ አይገባኝም። የከተማው መካኒክ ዞሮ ዞሮ አያትና፣ «ሞተሯ ደህና ነው። ጉልበቷ እንዲወጣ መጀመሪያ የኋላ ጎማዎቿን ቀይር፣ ሙልጭ ብለዋል። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያዋን። ሌላው ጌጥ ነው» አለው። አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ለልጅ እንኳ ግልጽ ነው።

የአባባ ችግር ይሉኝታው ነበር። በእኛ አገር በሬ የገዛ ሰው፣ ጎረቤት መጥቶ ያይለታል፤ ይመርቅለታል፣ ይመክረዋል። ለሞተሯም ይኸው ሥርዓት ተደረገላት። ከበዋት ሆዷን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ጀርባዋን ዳበሱ፤ ያላዩት ጥርሷን ብቻ ነው። የነፍስ አባታችን መምሬ ጥሩነህ፣ «ደወል የሌለው ደብር ማን ይሳለመዋል? ድምጿን አሰማምርላት» አሉ። አባባ የጎማውን ገንዘብ ይዞ ከተማ ወረደና የጭነት መኪና ክላክስ አስገጥሞ መጣ። ቀጥሎ የጥንት ፈረሰኛው አያ ስሜነህ፣ «ሰው በእግሩ እየሄደ አንተ ብቻህን ተቀምጠህ ልታልፈው ነው? ነውር ነው» አለው። በሚቀጥለው ገበያ ከኋላዋ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ የብረት ወንበር ተበየደባት። እትዬ የሺ ደግሞ በሞተሯ ጭቃ የተረጨች ነጠላዋን ይዛ መጣች፤ አባባ ፊት ዘርግታ አሳየችው። በማግስቱ ከቆርቆሮ የተሠራ የጭቃ መከላከያ ተገጠመ።

«አባባ፣ ጎማውስ?» እለዋለሁ።

«ይደርሳል። ምክር ያልሰማ መከራ ይመክረዋል» ይለኛል። የሁሉን ምክር ይሰማል፤ የማይሰማው የመካኒኩንና የእኔን ነበር።

እኔ እንዲህ የጨቀጨቅሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከትምህርት ቤታችን ለዞኑ ጥያቄና መልስ ውድድር ተመርጬ ነበር። ውድድሩ ግንቦት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፍኖተ ሰላም ነው። መምህራችን ሌሎቹን ልጆች ይዞ ዓርብ ወረደ፤ እማማ ግን ሰው ቤት አታድርም አለች። አባባም «በሞተር አደርሳታለሁ» ብሎ ቃል ሰጠ። ዓርብ ሲመሽ የጀመረ ዝናብ ሲወርድ አደረ።

ከመንደራችን በታች ወንዙን እንደተሻገርን ያለው ዳገት ዋልካ ነው። ሞተሯ ትጮኻለች፣ የኋላ ጎማዎቿ ይሽከረከራሉ፣ እኛ እዚያው ነን። አባባ ወርዶ ገፋ፣ ቅጠል ቆርጦ አነጠፈ፤ ይባስ ሰመጠች። የቀረን ክላክሱ ነበርና ነፋው። መንደሩ እየሮጠ ወረደ።

መጀመሪያ አያ ስሜነህ ወንበሩን በመዶሻ መትቶ ነቀለው። እትዬ የሺ ቆርቆሮዋን ራሷ ፈትታ በክንዷ ያዘችው። ስድስት ወንዶች ሞተሯን እንደ ቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። መምሬ ጥሩነህ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «አየህ ዶክተር፣ ደወሉ ባይኖር ማን ይሰማህ ነበር?» አሉ። አባባ ጭቃውን እየጠረገ፣ «እውነትዎን ነው አባቴ» አላቸው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ከአባባ ፊት፣ ነዳጅ መያዣው ላይ ተፈናጠጥኩ።

ስንደርስ አራት ጥያቄ አልፎኛል። እስከ ጆሮዬ ጭቃ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ በአንድ ጥያቄ ተበለጥኩ። ካለፉኝ አራቱ ሦስቱን ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እንኳ እመልሳቸው ነበር።

ከሰዓት ስንመለስ እነዚያው ሰዎች ወንዙ ዳር ናቸው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያጓጉዙ ውለው ዳገቱን ደልድለውታል። መሸነፌን አባባ ነገራቸው። ከዚያ አያ ስሜነህ ራሱን ነቀነቀና፣ «ጥፋቱ የጎማው ነው። እኛስ ድሮም ጎማ ቀይር ብለነው ነበር» አለ። ሁሉም «ብለነው ነበር» አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። አባባም «ብላችሁኝ ነበር» አለ፤ ይሄን መቼም አልረሳለትም። በንዴት አለቀስኩ። እትዬ የሺ ጠጋ ብላ ፊቴን ጠረገችልኝ፤ ጭቃው የተጠረገው በዚያችው ነጠላ ነው።

አሁን እኔም ሞተር አለኝ፤ ያገለገለ ነው የገዛሁት። የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ስምንት ቤት አለ፤ የሁሉም በር ዝግ ነው። ሞተሩን ያስገባሁ ዕለት አንድ ሰው ወጥቶ አላየልኝም። የመጀመሪያ ገንዘቤን በጎማ ላይ አዋልኩት፤ በእኔ ቤት ክላክስም ወንበርም አይቀድምም። ዳገት እንደ ጉድ ይወጣል። ለአባባ ደውዬ ነገርኩት፤ አርጅቷል፣ ጆሮውም ደክሟል።

«ደግ አደረግሽ» አለኝ። «ጎረቤቶችሽ ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም፣ አባባ።»

ያልሰማ መሰለኝና ደገምኩለት። ሰምቶ ነበር። «ምንም?» አለ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ የግቢው በር ላይ ቆምኩና ክላክሱን ረዘም አድርጌ ነፋሁት። ጥቂት ጠበቅሁ። ማንም አልወጣም።