በመሐረብ የተቋጠሩ ዐሥራ ሁለት ቃላት

እስቲ እኚህን እናት እዩአቸው፤ ክሊኒኩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ መሐረባቸውን ጨብጠው ተቀምጠዋል። ቋጠሮው ውስጥ ዐሥራ ሁለት ቃላት የተጻፉበት ወረቀት አለ። የእሳቸውና የልጆቻቸው የዘረመል መረጃ ብሎክቼን በሚሉት የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ አንዴ ከገባ አይሰረዝም፣ እነዚህን ቃላት ያወቀ ሁሉ ይከፍተዋል። ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ግን ማን ጠየቃቸው!

«እማማ፣ ቃላቱን ኮምፒውተሩ ላይ ያስገቡ» አላቸው ጸሐፊው ተራቸው ሲደርስ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው።

«ዓይኔ እምቢ ብሎኛል ልጄ፤ አንተው አንብብልኝ» አሉ፣ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ይዘው።

አነበበላቸዋ! ያውም ጮክ ብሎ፣ ሃያ ሰው ተራ በሚጠብቅበት። እሳቸው በየቃሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲጨርስ ወረቀቱን መልሰው ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት።

«የልጆቼ ምስጢር ነው» አሉ አጠገባቸው ላለችው ሴት።

እዚያ ተራ ይዛችሁ የነበራችሁ፣ ከቃላቱ አንዷ እንኳ ጆሯችሁ ውስጥ ቀርታ እንደሆነ፣ እባካችሁ ርሷት።