ሳሙና የነካው ቀፎ

ጎረቤታችን ልብስ በዘፈዘፈች ቁጥር የዱቄት ሳሙናው ሽታ አጥሩን አልፎ ይመጣል፤ እኔም ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ወደ ማዶ እሄዳለሁ። ከንጹሕ ሽታ የሚሸሽ ሰው ይገርም ይሆናል። የእኔ ነገር ግን ከወንድሜ ከሞላ ቀፎዎች ጋር የተያያዘ ነው። እንዴት እንደምናገረው በደንብ አላውቅም፤ ብቻ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሞላ በአሥር ዓመት ይበልጠኝ ነበር። እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ እኩዮቹ ተሰባስበው ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ፣ እሱ ከሰቆጣ አሮጌ ጣውላ በአህያ ጭኖ መጣና ከቤታችን ጀርባ ሦስት ቀፎ ሠራ። ማር ነጋዴ እሆናለሁ አለ። ማር የለም፤ ንብም የለም። መስከረም ሲጠባ ቀፎዎቹን በወይራ ጭስ ያጥናል፣ ውስጣቸውን ሰም ይቀባል፣ ከዚያ ከጎናቸው ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልመጣም። በሁለተኛው አንድ መንጋ ገብቶ በሳምንቱ ጥሎት ሄደ። ከቅዳሴ ሲመለሱ በደጃችን የሚያልፉት ቄስ፣ አባ ኪሮስ፣ አይለቁትም ነበር።

«ሞላ፣ ዘንድሮም ባዶ ሣጥን ትጠብቃለህ? ይህን ያህል ደጅ ብትጠና እኮ ሚስት ታገኝ ነበር!»

«ሚስትማ መጥታ ምን ትልሳለች አባ? መጀመሪያ ማሩ ይግባ።»

በሦስተኛው ዓመት ገባ። ከዚያ ወዲያ ክረምት ላይ አበባ ሲጠፋ ሞላ ለንቦቹ ሽሮ ያበላ ጀመር። እናታችን «ሽሮዬን ለዝንብ ጨረስክብኝ!» ብላ ስትጮህ፣ «እማ፣ እነሱም ክርስቲያን ናቸው፤ ፍልሰታን ይጾማሉ» ይላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀስ በቀስ ነጩን ማር ፍለጋ ከሰቆጣ ድረስ ሰው ደጃችን ይመጣ ጀመር።

አንድ ቀን የቀፎውን ውስጥ የሸፈነውን ጥቁር ቅርፊት በቢላ ስፍቅ ሞላ ደረሰና እጄን ያዘኝ። «ተው እንጂ! ይቺ ጥቀርሻ የስንት ዓመት ሥራዬ ናት» አለኝ። እኔ ሳቅኩ። ሞላ ቀልደኛ ስለነበር፣ ቀልድ መሰለኝ።

ባለፈው በጋ ታመመ። እሱን ስናስታምም ለንቦቹ ውሃ ያኖረላቸው አልነበረም፤ መንጋዎቹ አንድ በአንድ ጥለው ሄዱ። ከአልጋው ላይ ሆኖ «አሉ?» ይለኛል፤ «አሉ» እለዋለሁ። ሐምሌ ላይ ሞተ።

ለአርባው ዘመድ ከጽጽቃም ከሰሃላም ይመጣል ሲባል፣ የወንድሜ ሥራ ቆሽሾ እንዳይታይ ብዬ ሦስቱንም ቀፎ ምንጭ አውርጄ በዱቄት ሳሙና ፈተግኳቸው። ጥቁሩ ቅርፊት እየተላጠ ሲወርድ ደስ አለኝ። ጣውላው እንደ አዲስ ነጣ። ዘመዶቹም አመሰገኑኝ።

በመስከረም እንደ ሞላ ወይራ አጠንኩ። አንድ ትልቅ መንጋ መጣ። ጥቂቶቹ ገቡ፣ ወጡ፣ ዞሩ፤ ከዚያ መንጋው በሙሉ ተነስቶ ገደሉን ተሻግሮ ሄደ። አባ ኪሮስ ቆመው ያዩ ነበር። ጎንበስ ብለው ቀፎውን አሸተቱ።

«ልጄ፣ በምን አጠብከው?» አሉኝ።

«በሳሙና።»

«ሞላ እኮ ንቦቹን በአሮጌው ሽታ ነበር የሚጠራቸው» አሉ።

እናቴ ከበሩ ላይ ሰምታለች። ገብታ ሣጥኗን ከፈተችና ሞላ ማር ሲቆርጥ የሚለብሰውን ኮት ይዛ ወጣች። ሰምና ጭስ ጠጥቶ የደረቀ ኮት ነው። ከሞተ ጀምሮ ማንም እንዲያጥበው አልፈቀደችም፤ ብቻዋን ስትሆን ፊቷን ቀብራበት አይቻታለሁ።

«እማ፣ ተይው» አልኳት።

«ያዝ በዚያ በኩል» አለችኝና ሦስት ቦታ ቀደደችው። በየቀፎው አንድ አንድ ቁራጭ አስገባን።

አሁን ጥቅምት ሊያልቅ ነው። የተራራው አበባ እየረገፈ ነው፤ መንጋ አልመጣም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በቀፎዎቹ በኩል ታልፍና በመሃለኛው ቀዳዳ ላይ አጎንብሳ ትቆያለች። «ገቡ እንዴ?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ ንብ ፍለጋ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ትናንት እኔም አጎነበስኩ። የሳሙናው ሽታ አሁንም አለ። ከሥሩ፣ በረጅሙ ካልሳቡት የማይገኝ፣ ትንሽ የሞላ ሽታ አለ። እሱ አሥር ዓመት ያጠራቀመውን እኔ በአንድ ጠዋት አጥቤ የቀረን ይህ ነው።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማይ ሰማይ ሳይ አባ ኪሮስ አለፉ። በእኔ ግን አልቀለዱብኝም።