በሊማሊሞ ቁልቁለት ከፊቴ ይሄዱ የነበሩት አጎቴ

ዱላ እያሽከረከሩ መታየት መውደዴ የፊት ጥርሴን አስከፍሎኛል። ነጋዴ ነኝና ዋጋውን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል።

በቁስቋም ንግሥ ዱላዬን በጣቶቼ መካከል ሳሽከረክር ሴቶቹ እልል ይሉልኝ ነበር። ዘንድሮ የቀበርናቸው አጎቴ ግን ዳር ቆመው፣ «ሸጋ ነው፤ ለማን ነው የምታሳየው?» ይሉኝ ነበር።

ጣሊያን በወጣ ሰሞን፣ ከደባርቅ በታች በሊማሊሞ ቁልቁለት ጨው ለማምጣት በቅሎዎቻችንን ስንነዳ፣ አንድ ቀማኛ ከጥሻው ወጥቶ ዱላ አነሣብን። ፈራሁ። እንዳይታወቅብኝ እየፎከርሁ ዱላዬን አሽከረከርሁ። ሰውየው እንደ ሰርግ እድምተኛ በትዕግሥት ተመለከተኝ፤ ዱላዬ ወደ ጀርባዬ እስኪዞር ጠብቆ አፌን አለኝ።

አጎቴ አልፎከሩም። ዝም ብለው ተራመዱና ደረቱ ሥር ገቡ፤ ሰውየው ዱላውን የሚያነሣበት ቦታ አጣ። በዱላቸው ጫፍ ጎኑን አንዴ ወጉት። ቁጭ አለ፤ ከዚያ እየዳኸ ጥሻው ገባ። ለማየት ምንም አያምርም ነበር።

ደሜን እየጠረግሁ ሳያቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«አያ፣ አንቱም ይፈራሉ እንዴ?»

«ምነው አልፈራ! ስለፈራሁ አይደል የተጠጋሁት? ዱላ ጉልበት የሚኖረው ከራቅኸው ነው። ጭፈራውን ለሰርግ አስቀምጠው።»

በቀብራቸው ዕለት ጎረምሶች ዱላ እያሽከረከሩ ፎከሩላቸው። እኔ ግን የማስበው የሚመጣውን ሳምንት መንገድ ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ ሁልጊዜ የማየው የእሳቸውን ጀርባ ነበር። አሁን የሚታየኝ ጥሻው ብቻ ነው፤ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር እቆማለሁ።

በቅሎዎቹ አሉ፤ ጨውም አለ፤ ከፊት የሚሄድ ሰው የለም።