የጳጉሜን ስድስቱ መሪጌታ

ንፋስ መውጫ በምሠራበት ክሊኒክ የካርድ ክፍሉና የላቦራቶሪው ፕሮግራሞች ቀን የሚቆጥሩት በአንድ የጋራ ኮድ ነው። የኮዱን አዲስ ቨርዥን በጫንኩ ማግስት እዚሁ አቅራቢያችን ካለችው ቤተ ልሔም አንድ መሪጌታ ካርድ ሊያወጡ መጡ። የተወለዱት ጳጉሜን ስድስት ነው። ሁለቱም ፕሮግራሞች «የሌለ ቀን» ብለው መለሱኝ።

ፕሮግራሞቹን ለሸጠልን ሰውዬ ደወልኩ። «አምስት ብለሽ አስገቢና ተገላገይ» አለኝ። ደሜ ፈላ። የሰው ልደት ይቀነሳል እንዴ!

መሪጌታው በጣታቸው ቆጥረው፣ «ልጄ፣ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው» አሉኝ። ኮዱን ከፍቼ ባየው ስድስተኛዋን ቀን ለቀጣዩ ዓመት ለዘመነ ዮሐንስ ሰጥቷታል፤ በአንድ ዓመት ስቷል። አንዲት መስመር አስተካከልኩ። ሁለቱም ፕሮግራሞች ቀኗን ተቀበሉ።

መሪጌታው ካርዳቸውን ይዘው ሳይወጡ ለሰውዬው መልሼ ደወልኩ።

«አስገባሁ» አልኩት፣ «ስድስት ብዬ!»